ያላነበብኩት የባትሪ መመሪያ

በቤታችን ደብዳቤ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ። የትምህርት ቤቱ፣ የሐኪሙ፣ የባንኩ፣ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሳይቀር ወደ እኔ ይመጣል። አባቴ ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ «ሚጣ፣ ምን ይላል?» ይለኛል። እኔ በዓይኔ ሮጥ ሮጥ እልበትና «ምንም አይደለም አባዬ፣ ማስታወቂያ ነው» ወይም «እስከ ዓርብ ፈርም ነው የሚሉህ» እለዋለሁ። በቃ። ሁለተኛ አይጠይቀኝም።

አባቴ ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይመስላችሁ። አማርኛ ሲያነብ ጋዜጣው ያልቅበታል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ አዲስ አበባ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ተቀጠረና ሙያውን በእጁ ተማረ። እንግሊዝኛ ላይ ግን በረዶ ላይ እንደሚራመድ ሰው ነው፤ እግሩን እየሞከረ፣ ቆም እያለ። እዚህ ቶሮንቶ ከመጣን ስምንት ዓመታችን ነው። ስምንቱንም ዓመት የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ቤት ውስጥ እርጥብ አንሶላ ከማሽን ማሽን ሲጎትት ኖሯል።

ከጓሯችን ያለችው ጋራዥ መኪና ገብቶባት አያውቅም። የአባቴ ናት። ጣሪያዋ ላይ ሰዎች የጣሏቸውን የሶላር ፓነሎች ለቃቅሞ ገጠመ። ውስጧ አንድ የሊቲየም ባትሪ፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጥ ኢንቨርተር፣ ግድግዳው ላይ በቀለም በቀለማቸው የተደረደሩ ሽቦዎች። እቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው፤ እዚያ ሲገባ ግን ያፏጫል። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ቴስተሩ አለች፤ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ ስትነካ እጀታዋ ውስጥ ትንሽ ብርሃን የምታበራ ጠመንጃ መፍቻ ናት። ከአዲስ አበባ ነው ይዟት የመጣው።

ዳንፎርዝ የሚባለው ጎዳና ላይ ግሮሰሪ ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ በርበሬና ሽሮ የምንገዛው ከእሳቸው ነው። አምና በጋ፣ እዚህ በጋ በሚሆነው በሐምሌ፣ መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ፍሪዘራቸው ውስጥ ያለው ቅቤና ሥጋ ተበላሸባቸው። አንድ ቀን እኔ እያለሁ አባቴን «አንተ ሰው፣ ጋራዥህ ውስጥ ሠራሁ የምትለውን ነገር ለእኔ ፍሪዘሮችስ አትሠራልኝም?» አሉት።

«ኧረ እሠራለሁ ጋሼ! ላይሰንስ ያለው ሰው አይቶ ይፈርምበታል እንጂ ሥራውንስ እኔው እሠራዋለሁ።»

«መጀመሪያ ግን በዓይኔ ልየው። ወሬውንማ ሁሉም ያውቃል።»

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ባቡር ውስጥ ቁጭ ማለት አቃተው። ወንበር ባዶ ሆኖ ቆሞ ሄደ። በስምንት ዓመት ውስጥ በሙያው ሥራ የሚሰጠው ሰው ያኔ ገና ማግኘቱ ነው።

አንድ ባትሪ ለፍሪዘር አይበቃም፣ ሁለት ያስፈልጋል አለ። የኛን ዓይነት ግን ፈልጎ አጣ። ኖርዝ ዮርክ የሚባለው ሰፈር የሌላ ኩባንያ ባትሪ ለሽያጭ ያወጣ ሰው አገኘና ሐሙስ ዕለት ሄደን አመጣነው። እኔ ባንድ በኩል እሱ ባንድ በኩል ይዘን፣ እየሳቅን፣ «ቀስ! ጣቴን!» እየተባባልን አስገባነው።

ያን ቀን ማታውኑ አባቴ ሶፋው አጠገብ መጥቶ ቆመ። እኔ ተጋድሜ ከጓደኛዬ ጋር ቴክስት እየተጻጻፍኩ ነው።

«ሚጣዬ፣ የዚህን ባትሪ መመሪያ እስቲ ስልክሽ ላይ ፈልጊልኝ። በእኛ ጊዜ የመኪና ባትሪ ነበር፤ አሥራ ሁለት ቮልት ከአሥራ ሁለት ቮልት ጋር ትቀጥያለሽ፣ አለቀ። ይሄ ሊቲየም የሚሉት ግን ሌላ ጸባይ ሳይኖረው አይቀርም። ከሌላ ኩባንያ ባትሪ ጋር አብሮ ይሠራል ይላል? እሱን ብቻ እይልኝ።»

ፋይሉን ከፈትኩት። ሠላሳ አራት ገጽ። ሽፋኑ ላይ 48 ቮልት ይላል። የኛው ላይም 48 ቮልት ነው የሚለው። ዘጋሁት።

«ይሠራል አባዬ። ሴም ነው፤ አንድ ዓይነት ናቸው።»

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት አልኩህ እኮ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አትቆጪኝ» አለና እየሳቀ ወደ ጋራዡ ሄደ። ፉጨቱ በመስኮት ይሰማኝ ነበር።

ዓርብና ቅዳሜ ደመና ነበር። ሁለቱ ባትሪዎች ተያይዘው ደህና ሠሩ። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጋሼ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። የመጋቢት ፀሐይ በረዶው ላይ እያንጸባረቀ ዓይን ይወጋል። አባቴ ከጋራዡ እስከ ኩሽናው መስኮት ብርቱካናማ ገመድ ስቦ ትንሿን ፍሪዘራችንን፣ የውሃ ማፍያውንና የሽሮውን ምድጃ ሰካበት። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። እንደ ሙሽራ ነበር።

«ይኸው ጋሼ፣ ከከተማው መብራት አንዲትም አልነካንም። ሁሉም ከፀሐይ ነው።»

«እውነት ነው እንዴ?» ጋሼ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ተከተሉት። «አንተ፣ ይሄማ ሥራ ነው!»

እማዬ ሽሮውን እያማሰለች ነው። ሽሮው ቱክ ቱክ ይላል። ጋሼ ስለ ሱቃቸው፣ ፍሪዘሮቹ ስንት እንደሆኑ፣ ባትሪዎቹ የት ቢቀመጡ እንደሚሻል ማውራት ጀመሩ። አባቴ ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ይሥልላቸዋል።

ከዚያ ፍሪዘሩ ዝም አለ። የውሃ ማፍያው መብራት ጠፋ። ሽሮው አንድ ጊዜ ቱክ አለና ቆመ።

ጋሼ እጃቸውን አጨበጨቡ። «መብራት ሄደ! ወንድሜ፣ አገር ቤት ናፈቀህ እንዴ? እዚሁ ድረስ አመጣህልን እኮ!»

«ሻማ አምጡ በሏቸው!» አሉ ባለቤታቸው።

ሁሉም ሳቀ። እማዬም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ይቺን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር፤ ግን ስቄያለሁ።

አባቴ ወደ ጋራዡ ሮጠ። ኢንቨርተሩን አስነሳው፤ ትንሽ ሠርቶ ጠፋ። እንደገና አስነሳው፤ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ጋሼ ጃኬታቸውን ለበሱ። በሩ ላይ ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ በደግነት፣ «ተወው፣ ዋናው መሞከሩ ነው» አሉት። «ለፍሪዘሩ እንግዲህ ካንዱ ኩባንያ ሰው እጠራለሁ። አንተም አትድከም።»

ሲወጡ አባቴ እጁን ሲታጠብ ብዙ ቆየ። ከዚያ ውሃው ክፍት እንደሆነ እጁን ገልብጦ እያየ ለእናቴ «እጄ ረስቶታል» አላት። «ስምንት ዓመት አንሶላ የጎተተ እጅ ምን ያስታውሳል?»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ መመሪያውን ከፈትኩት። ገጽ አሥራ አንድ። ቀይ ሳጥን ውስጥ ከሌላ ኩባንያ ባትሪ ጋር ፈጽሞ አታያይዙ ይላል። ምክንያቱንም ጽፎታል። እያንዳንዱ ባትሪ ውስጥ የራሱ ዘበኛ አለው፤ አደጋ የመሰለው ጊዜ በሩን የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ። የኛን መመሪያም ፈልጌ አየሁ፤ የኛ ባትሪ ውስጥ አሥራ ስድስት ሴሎች፣ ማለት ትንንሽ ባትሪዎች፣ አሉ፤ አዲሱ ውስጥ አሥራ አምስት። ሁለቱም ላይ የተጻፈው 48 ነው፤ የሚጠግቡበት ልክ ግን ይለያያል። ያን ሁሉ ፀሐይ ሲያገኙ አዲሱ ቶሎ ጠገበ፤ ዘበኛው በሩን ዘጋ። ሸክሙ ሁሉ አሮጌው ላይ ወደቀ፤ ከበደውና የእሱም ዘበኛ ዘጋ። የአባቴ እጅ አንድም ነገር አልረሳም ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ከጽሑፉ ሥር ያለው ነው። ሥዕል። መልካቸው የተለያየ ሁለት ባትሪዎች፣ በሽቦ ተያይዘው፣ ላያቸው ላይ ትልቅ ኤክስ። እንግሊዝኛ አያስፈልገውም ነበር። ስልኩን አዙሬ ባሳየው ይበቃው ነበር።

ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ፋሲካ አለፈ። እሱ አዲሱንም አሮጌውንም ባትሪ ሸጠ። ኢንቨርተሩን ሸጠ። እጀታቸው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ፒንሳዎቹን ለሥራ ባልደረባው ሰጠ። ቴስተሯ ከሸሚዙ ኪስ ወጥታ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያዎቹ ጋር ገባች። ሹካ ባወጣሁ ቁጥር አያታለሁ። ጋራዡ ውስጥ ማፏጨት ቀረ። እማዬ «አባትሽ ምን ሆኖ ነው?» ትለኛለች። እኔ «እንጃ» እላታለሁ። እሱም ሁለተኛ ውሸት ነው።

በጋ ላይ የቅዳሜ አማርኛ ክፍላችን መምህርት «የፈለጋችሁትን አሥር ገጽ በአማርኛ ጻፉ» አለችን። ሌሎቹ አጉረመረሙ። እኔ መመሪያውን መተርጎም መረጥኩ፤ አሥሩን ገጽ ሳይሆን ሠላሳ አራቱንም። መጀመሪያ አንድ መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። «ሴል»ን እንዳለ ልተወው? «ከልክ በላይ ሲሞላ» ልበል ወይስ «ሲጠግብ»? «ሲጠግብ» አልኩ፤ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፊደሉ እጄ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ ቃል እየመጣልኝ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እስቃለሁ። ከዚያ ለምን እንደምጽፈው ትዝ ይለኛል። ሁለቱ ባንድ ላይ ነበሩ፤ ልለያቸው አልቻልኩም።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ሥዕሉን አትሜ ለጠፍኩት። ከሥሩ «አባዬ፣ ይህን ገጽ ያን ጊዜ አላነበብኩትም። አነበብኩ ብዬ ዋሽቼሃለሁ። ጥፋቱ የእጅህ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ።

ደብተሩን ሰጠሁት። ባዶው ጋራዥ ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ገጽ ይገለበጣል፤ ደግሞ ይገለበጣል። ከዚያ መገልበጡ ቆመ። ጣቱን ሥዕሉ ላይ አደረገ።

«ይኼማ ሥዕል ነው።»

«አዎ አባዬ።»

«እንግሊዝኛ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ያን ቀን ስልኩን ወደ እኔ ብታዞሪው…» አለና አልጨረሰውም። ገጹን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ «የእጅ ጽሑፍሽ ግን ያምራል» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያለቀስኩት ያኔ ነው።

«ለጋሼ እነግራቸዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ» አልኩት።

«እንዳትነግሪያቸው!» አለ። የዚያን ቀን ድምፁን ከፍ ያደረገው እዚህ ላይ ብቻ ነው። «ሙያው ጠፋበት ይበሉኝ። ልጁ ዋሸችው ከሚሉኝ እሱ ይሻለኛል።»

ይህን ልጽፈው እችላለሁ ወይ ብዬ ስጠይቀው ራሱ «ስም ካላወጣሽ ጻፊ» አለኝ። ስለዚህ ስም የለበትም።

«እንደገና ትጀምራለህ?» ብዬም ጠይቄዋለሁ። ባዶውን ግድግዳ አየና «በምን ዕቃ?» አለ።

የጋሼ ሱቅ ጓዳ ውስጥ አሁን ኩባንያው የገጠመው ነጭ የባትሪ ሳጥን አለ። ሽሮ ልንገዛ ስንገባ አባቴ አንዴ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ወደ ምስሩ ይዞራል። ፓነሎቹ ግን ጣሪያው ላይ ናቸው። ትናንት በረዶ ወረደባቸው።

ደብዳቤ ሲመጣ አሁን ራሱ ይከፍተዋል። መነጽሩን ያደርግና ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየጎተተ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። «አባዬ፣ ላንብብልህ?» ስለው «ቆይ፣ ልሞክራት» ይለኛል። አንዳንዴ ብቻ፣ ጣቱን ሳያነሳ፣ «ነይ እስቲ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ይጠራኛል። አንዲት ቃል ናት የሚጠይቀኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን ከላይ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ እሱም ጣቱን ቃሏ ላይ እንዳደረገ ይጠብቀኛል።