ጋቢ የለበሰው የሙቀት መለኪያ

ጎንደር ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስማር የመረጥሁት ጥናት፣ የቤትን ሙቀትና ቅዝቃዜ ቀድሞ የሚገምት ፕሮግራም መሥራት ነበር። ማሽን ለርኒንግ ይሉታል፤ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ትንሽ መለኪያ የሙቀቱን ልክ በኔትወርክ ይልካል፣ ፕሮግራሙ ከዚያ ይማራል። አንዱን መለኪያ ዳባት አጠገብ ገጠር የሚኖሩት አጎቴ ጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ «አደራ አያ፣ ይህን ነገር እንደ እንግዳ ይዩልኝ» ብዬ ተመለስሁ። አፌን ምን ነካው!

ከተማ ያሉት መለኪያዎች ሌሊት ሌሊት ሲቀዘቅዙ፣ የአጎቴ ቤት ንቅንቅ የለም። ፕሮግራሜም አመነ፤ ደጋ ላይ ከጭቃ ቤት የሚሞቅ የለም አለ። እኔስ ዝም አልሁ? የት! ካፌ ገብቼ ሳይቀር የጭቃ ግድግዳ ሰባኪ ሆንሁ። አማካሪ መምህሬ ግን፣ ብርድ አጥብቀው የሚፈሩ ሰው ናቸው፣ «እንግዲያው ሄደን እንደርበት። ካልሞቀኝ አልፈርምልሽም» አሉኝ። ምረቃዬ በመምህሬ እግር ሙቀት ላይ ተንጠለጠለ።

ሄድን፤ ስንደርስ ጨልሞ ነበር። አጎቴ ለመምህሬ አጎዛ አንጥፈው ስስ ብርድ ልብስ ሰጧቸው። ጎህ ሲቀድ መምህሬ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ተነሡ።

«የታለ መለኪያሽ?»

ግድግዳው ላይ ያለው ሚስማሩ ብቻ ነው። ክው አልሁ። አጎቴ ወደ ምድጃው ጠጋ ብለው አንድ ነጭ ጥቅል ገለጥ አደረጉ። መለኪያዬ ከተዳፈነው እሳት ጎን፣ በአዲሱ ጋቢያቸው ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ምነው አያ! ማን አወረደው?» አልሁ፣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

«እኔ ነኛ። በሄድሽ ማግስት ብነካው በረዶ ሆኗል። እንግዳ ብለሽ ሰጥተሽኝ ብርድ ይግደለው?»

«እኛስ እንግዳ አይደለንም?» አሉ መምህሬ እየተንቀጠቀጡ።

«ምነው ጌታው፣ እናንተማ ቢበርዳችሁ ትናገራላችሁ። እሱ ምን አፍ አለው?»

መምህሬ ጋቢውን ከመለኪያው ላይ ገፈው እስከ ጆሯቸው ተከናነቡት። እኔም መለኪያዬን ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልሁት።

ፕሮግራሙን እንደገና አስተማርሁት፤ መምህሬም ፈረሙልኝ። ጥናቴን ሳቀርብ ግን ከፈታኞቹ አንዱ ግራፉን እያሳዩ፣ «ይህ መስመር እዚህ ጋ ቁልቁል የወረደው ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መምህሬን አየኋቸው። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

«ያን ጊዜ መምህሬ ሞቃቸው» አልሁ።