ያልሰሙት ምርቃት

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአሮጊቷ ቦታ በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ነው። ድስት ጥዶ ለሚመጣ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል? ሻሻቸውን የእሳት ፍንጣሪ በስቶታል፤ ጣቶቻቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላሉ። ቄሱ ሊመርቁ ሲሉ እሳቸው ብድግ ብለው ወደ ድስታቸው ነው። ድሮ ባልና ስድስት ልጅ እቤት ርቧቸው ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ባል አፈር ለብሷል፣ ልጆቹም በየፊናቸው ሄደዋል፤ እሳቸው ግን ያቺው ሰዓት ስትደርስ ይነሳሉ።

ዛሬም ሲነሱ ጎረቤታቸው፣ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ቀሚሳቸውን ያዝ አደረገች።

«እማማ፣ ማን ይጠብቅዎታል? ምናለ ቢቀመጡ?»

«ማንም የለ ልጄ። ለእግሬ መርዶውን የሚነግርልኝ ጠፋ እንጂ።»

ጎረቤቲቱ ሳቋን አፍና ሳብ አደረገቻቸው። ተቀመጡ፤ እንደ እንግዳ አግዳሚው ጫፍ ላይ።

ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ። «በሰላም ግቡ። ቤታችሁ ሰው አይጣ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

አሮጊቷ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት?»

«ሁልጊዜ፣ እማማ።»

አሮጊቷ አልተነሱም። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሌላው አግዳሚ ሁሉ ባዶ ሲቀር፣ ቀስ ብለው «አሜን» አሉ።