የት ነህ

ጭድ ተራን አልወደውም። ዝናብ የነካው ጭድ ከሸተተኝ መንገዴን አዞራለሁ።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። ልጄ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስጠይቅ ነበር። በዚያው ሰሞን እናቴ፣ ቤታቸው የተወረሰባቸው ሰዎች በሰንሰለት ትተውት የሄዱትን ጥጃ የሚያህል ዘበኛ ውሻ ፈትታ አመጣች። ጭድ አነጠፈችለት፤ ስሙንም “የት ነህ” አለችው።

ማታ ማታ ደጃፍ ቆማ ትጣራለች፤ “የት ነህ! የት ነህ!”

በርበሬ ነጋዴው ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ ፈሩላት። “ተይ ልጄ፣ ቀበሌዎቹ ይሰሙሻል።”

“ውሻዬን ነው የምጠራው ጋሼ። ውሻ መጥራትም ተከለከለ እንዴ?”

ውሻው ገና በመጀመሪያው ጥሪ መጥቶ እግሯ ሥር ተጋድሟል። እሷ ግን መንገድ መንገዱን እያየች ትጣራለች።

ዛሬም ጭዱ ሲሸተኝ ድምጿ ይሰማኛል። የሚመጣው ያው ውሻው ነው።