መሄድሽ ካልቀረ

እህቴ እምቢ ማለት አታውቅም። ይህን ስል እያመሰገንኳት እንዳይመስላችሁ፤ እያማረርኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የጎረቤት ቀሚስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃታል። እሷም "ምን አለበት" ብላ ታነሳዋለች። እኔ ከላውንደሪው አጠገብ ሳሙናና የስልክ ካርድ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ስለዚህ ማን ገብቶ ምን እንደሚጭንባት ሁሉንም አያለሁ። አይቶ ዝም ማለት ደግሞ አልፈጠረብኝም።

ወደ ከተማ የመሄዱ ሐሳብ የመጣው በልጇ ምክንያት ነው። ሚጢ አምስት ዓመቷ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ አንድ ቀን፣ ሰው ቆሞባት ወደ ላይ የምትወጣ ትንሽ ክፍል ከተማ ውስጥ እንዳለች ነገረቻቸው። እኛ ሰፈር ትልቁ ፎቅ ባንኩ ያለበት ነው፤ እሱንም ጉንፋን የያዘው ሰው እንኳ ሳያርፍ ይወጣዋል። ሚጢ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። "ክፍሏ ስትወጣ አልጋውም አብሮ ይወጣል? ሽንት ቤቱስ?" እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣችን። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወሩን መንገድ ላይ ነው የሚጨርሰው። ወሳጇ እናቷ ብቻ ናት።

ጉዞውን ያቀድነው ሱቄ ውስጥ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጠን ነው። እጃችን ባዶ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ሁሉን ነገር ነጻ በሆነው ላይ ሠራነው። ሊፍት መውጣት አይከፈልበትም። የከተማ አውቶቡስ ሕፃን አያስከፍልም፤ ሚጢ የፊቱን መስኮት ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትሄድ ለእሷ ከሲኒማ ይበልጣል። ከዚያ የእግረኛ መሻገሪያው ድልድይ ላይ ቆሞ መኪናውን ከላይ ማየት። ምሳ ከቤት ይቋጠራል። ቅዳሜ ጧት ሄዶ እሑድ መመለስ ነው። እህቴ ያቺን ቅዳሜ ለማግኘት የስንቱን ሰው ፈረቃ ሸፍናለች!

የቀረው ማደሪያ ነበር። "መናኸሪያው አጠገብ ርካሽ አልጋ አለ። አንድ ሌሊት ነው፣ ያዢ፤ አግዝሻለሁ" አልኳት።

"እትዬ ደግሞ! የባሌ እህት እዚያው እያለች አልጋ? ብትሰማ ምን ትለኛለች?"

"የፈለገችውን ትበል! በነጻ የሚያሳድር ሰው የለም።"

"አንቺ እንደሆነ ሰው አታምኚም" ብላ ሳቀችብኝና ደወለች። የባሏ እህት "ውይ፣ ኑ እንጂ! ቤታችሁ አይደል እንዴ!" አለች። እኔም አጠገቧ ሆኜ እሰማ ነበር። ደስታዋ ትንሽ በዛብኝ።

ወሬው በወጣ ማግስት መዓቱ ወረደ። መጀመሪያ የቤት አከራይዋ የተበላሸ ጁስ መፍጫ ታቅፋ መጣች። "መሄድሽ ካልቀረ፣ ይችን የሚጠግን ሰው ጋ አድርሺልኝ።" ቀጥሎ የላውንደሪው ባለቤት፣ ያቺን አንዲት ቅዳሜ አስለምኖ የሰጣት ሰውዬ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ "መሄድሽ ካልቀረ የካውያ ገመድ ግዢልኝ፤ ሱቁን እስክታገኚው ትንሽ ያዞርሻል" አላት። አንዷ ጎረቤት ከተማ ላለ ልጇ ብርድ ልብስ፣ ሌላዋ እዚያው ላለች አማቷ መድኃኒት። ሴትዮዋ ሕፃን ይዛ ነው የምትሄደው ወይስ ጋሪ እየጎተተች? የሚጢ ሹራብ ከሻንጣው ወጥቶ የሰው ብርድ ልብስ ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። "ሹራቡን ለብሳው ትሄዳለች" አለች እህቴ። በዚያ ሙቀት!

"መልሺላቸው!" ብዬ ጮህኩ።

"ሰው ላስቀይም እንዴ፣ እትዬ?"

"ሚጢስ? ሚጢ ሰው አይደለችም?"

ሻንጣውን በጉልበቷ ተጭና ዘጋችው። ይህ ይበልጥ አንጀቴን አሳረረው።

ቅዳሜ ጧት ሸኘኋቸው። አመሻሹ ላይ ሱቄን ሳልዘጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሚጢ ናት።

"እሺ የኔ ቆንጆ፣ ክፍሏ ወጣች?"

"አልሄድንም። እማዬ እየተኮሰች ነው።"

"ምን እያደረገች?"

"አክስቴ፣ ከተማም ውስጥ ብዙ ልብስ አለ።"

ደሜ ፈላ። እናቷን አቅርቢልኝ አልኳት። ለካ የባሏ እህት ለእሑድ ምሳ እንግዳ ጠርታ ኖሯል። እህቴ የሰውን ዕቃ ስታድል ውላ፣ ጁስ መፍጫውንም "ይሄ አይጠገንም" ተብላ መልሳ ተሸክማ ስትገባ፣ የመጋረጃ ክምር፣ የጠረጴዛ ልብስና የባልየው ሸሚዞች ከነካውያው ጠበቋት። "ሙያሽ አይደል፣ ለአንቺ እኮ ቀላል ነው" ተብላለች። ልጅቷን ደግሞ እንዳታቆሽሽ ጫማዋን አስወልቀው ሶፋ ላይ አስቀምጠዋታል።

"ካውያውን ንቀዪና ውጪ!" አልኳት።

"እትዬ፣ ቀስ በይ፤ ይሰማሉ።"

"ይስሙ! እንዲሰሙ ነው የምጮኸው! ለሁለት ቀን የወሰድሻት ልጅ ሶፋ ልታይ ነው የሄደችው?"

"ነገ ጧት እንሄዳለን። ነገ የግድ እንሄዳለን" ብላ ዘጋችው። እኔም ሳሙና ሊገዛ የቆመውን ሰውዬ ያለ ጥፋቱ ጮህኩበት።

የእሑዱን የነገረችኝ ከተመለሰች በኋላ ነው። ጧት ልብሳቸውን ለባብሰው ሊወጡ ሲሉ የባሏ እህት ሽርጥ ይዛ መጣች። "እንግዶቹ ሳይመጡ ያቺን ክምር ጨርሺልኝ እንጂ! ሊፍቱ እንደሆነ የትም አይሄድም፤ ሌላ ጊዜ ትመጡ የለ?" እህቴም እንደ ልማዷ ሻንጣውን አስቀምጣ ካውያውን ሰካችው።

ሚጢ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ከሶፋው ወርዳ፣ ከክምሩ አንድ ናፕኪን አነሳችና ወለሉ ላይ አነጠፈችው። ልክ እንደ እናቷ ጫፍና ጫፉን ወጠር አድርጋ በመዳፏ ትዳምጠው ጀመር። እናቷ ምን እያደረገች እንደሆነ ስትጠይቃት "ቶሎ እንድንጨርስ ነዋ" አለች። ከዚያ ሌላ አነሳች።

እህቴ እዚያው ቆማ አየቻት። "እትዬ፣ እጇ እኮ የእኔ እጅ ነው" አለችኝ። አምስት ዓመቷ! ገና አምስት ዓመቷ፣ የሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ የሰው ልብስ ታስተካክላለች፤ ያውም ማንም ሳያዛት። ይህን ስሰማ እኔ ራሴ ተነስቼ የሆነ ሰው ልደበድብ ፈልጌ ነበር።

ካውያውን ነቀለችው። አንድ እጅጌ ብቻ የተተኮሰበትን ሸሚዝ እንደተዘረጋ ትታ፣ የልጇን ጫማ አሰረችና ሻንጣዋን አነሳች። የባሏ እህት እስከ በሩ ተከትላ "ምን አስቀየምንሽ? እንግዶቹስ?" ትላለች። እህቴ "ደህና ዋሉ" ብቻ ብላ ወጣች። ሴትዮዋ ይኸው እስከ ዛሬ አኩርፋለች፤ ታኩርፍ!

ሊፍት ያለው ረጅም ሕንጻ በር ላይ ጥበቃው አስቆማቸው። ጁስ መፍጫው የወጠረውን ሻንጣ አየና የተላኩ መሰሉት። "ለማን ነው የምታደርሱት?" አላቸው።

"ለማንም" አለችው እህቴ። "ለራሳችን ነው የመጣነው።"

"ለራሳችሁ? ለምን ጉዳይ?"

"ልንወጣ ነው። ከዚያ ልንወርድ።"

ሰውዬው ሚጢን አየት አደረገና በሩን ለቀቀላቸው። አውቶቡሳቸው እስኪደርስ ድረስ ሲወጡና ሲወርዱ ዋሉ። እህቴ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ "ለራሳችን" የምትል ቃል ከአፏ መውጣቷን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።