«ዶኽ» እና መዝገበ ቃላቱ

እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲያስመርቁ እኔ ከልጆቻቸው ጋር ተሰልፌ የተመረቅኩ ሴት ነኝ። ዘግይቼ የተማርኩትን ነገር ደግሞ በዋዛ አልለቅም። ጀርመንኛንም፣ ግማሹ ከተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ፣ ለብቻዬ የያዝኩት እንዲሁ ነው።

ከቃላቱ ሁሉ የወደድኩት «ዶኽ»ን ነው። አንድ ሰው «አይደለም» ወይም «አልፈልግም» ሲል፣ «ነው እንጂ!»፣ «ትፈልጋለህ እንጂ!» ብሎ መመለሻ ናት። ጀርመኖች በክርክርም በጨዋታም ይሏታል። እኔ ግን ለእንግዳ መጋበዣ የተፈጠረች መሰለችኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ ደግሞ እምቢ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ይበላል። ገና ሲጠየቅ እጁን የሰደደ ሆዳም ይባላል።

ቤተ ክርስቲያናችን ጡረታ የወጡ ጀርመናዊት መምህርት ሲያስተናግድ አስተርጓሚ ሆንኩ። አንድ ቀን ቤታችን ምሳ ጠራናቸው፤ የጫሞ ዓሣና ቆጮ። ሳህኑን በእጃቸው ከድነው «ናይን፣ ዳንከ»፣ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ሲሉ፣ እኔ «ዶኽ!» እያልኩ በጣቶቻቸው መሀል ጨመርኩላቸው። ጨርሰው በሉ። ያኔ በቋንቋዬ የተደነቁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው የፈሩኝ ይመስለኛል።

በሚሄዱበት ቀን መኪናው በር ላይ ቆመው ወፍራም መዝገበ ቃላታቸውን ከቦርሳ አወጡና «ለእርስዎ ነው» አሉኝ። አርባ ምንጭ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት መጽሐፍ! ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «ናይን፣ ናይን፣ ዳንከ» አለ። ከዚያም አንገቴን ደፍቼ ልመናቸውን ጠበቅኩ።

እሳቸው «እሺ» ብለው መለሱት። ዚፑንም ዘጉት። ገብተው ተቀመጡ።

«አንቺ! ስትመኚው አልነበር እንዴ?» አለች የወንድሜ ሚስት፣ ጎኔን በክርኗ ወግታ።

«ገና አንዴ ነው የጠየቁኝ።»

«ሁለተኛውን ከጀርመን ይደውሉልሽ?»

መኪናው ተነሣ። እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት ሮጥኩ። ሹፌሩ ዕቃ የረሱ መስሎት አቆመ። መስኮቱን አንኳኩቼ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ «ዶኽ!» አልኩ። «ዶኽ፣ ዶኽ!»

ሴትየዋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መስኮቱን ከፍተው መጽሐፉን አወጡና፣ ሰው ያለ ውዴታው እንዳይገደድ የሚጠነቀቁ ናቸውና፣ ረጋ ብለው «እርግጠኛ ነዎት?» አሉኝ።

«ኧረ ይቅርብኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። የወንድሜ ሚስት ከኋላዬ ደርሳ፣ እጇን በመስኮቱ አሾልካ ተቀበለችልኝ።