በጀርባዬ ያመጣሁት ጸበል

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ውስጥ በቀበሌ ቤት እንኖር ነበርና፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የግቢው ልጆች ሁሉ ተንጋግተን ጋሽ ደምሴ ደጃፍ ላይ እንሰበሰባለን። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ትልልቆቹም በጊዜ ይገቡና የግቢው በር ይዘጋል፤ ከውጭ የሚሰማው የቀበሌው ጥበቃዎች የጫማ ኮቴ ብቻ ነው። ጋሽ ደምሴ የከሰል ምድጃቸውን በእግራቸው መሃል አድርገው፣ ላምባው ቶሎ እንዳያልቅ የኩራዙን ክር ዝቅ አድርገው፣ ጭሱ ወደ ዓይናችን ሲመጣ በባርኔጣቸው እያራገቡ ተረት ይነግሩን ነበር።

ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው መሬት ለሚለኩ ሰዎች ዕቃ እየተሸከሙ ብዙ አገር በእግራቸው የዞሩ ሰው ነበሩ። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ተረታቸው ሁሉ መንገድ ላይ ይጀምርና መንገድ ላይ ያልቃል፤ ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ቆንጆ ልጃገረድ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ ጫማ፣ ስለ ስንቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ውሃ ነበር።

አንዱን ተረት ሳይሰለቸን ደጋግመን እናስነግራቸው ነበር። ድርቅ በሆነ ጊዜ ጅብ፣ አህያ፣ ጦጣና ዔሊ ከተራራው ማዶ ካለው ምንጭ ለልጆቻቸው ውሃ ሊያመጡ አንዳንድ ቅል ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ ጅብ የቅሉን ገመድ በጥርሱ ነከሰ፤ መንገድ ላይ አንዱ «አንተማ ጎበዝ ነህ!» ሲለው ደስ ብሎት ሳቀና ቅሉ ወድቆ ተሰበረ። አህያ ቅሉን በቀኝ ጎኑ ብቻ አንጠለጠለው፤ አንድ ወገኑ ስለከበደው ቀጥ ብሎ መሄድ አቃተውና ቀኑን ሙሉ አንዲት ዛፍ ሲዞር ዋለ። እዚህ ላይ ጋሽ ደምሴ ከበርጩማቸው ይነሱና አንድ ትከሻቸውን ጥለው ምድጃውን እየዞሩ፣ ዛፏ ጋ በደረሱ ቁጥር «እንደምን ዋልሽ? ቤተሰብ ደህና?» ይሏታል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ጦጣ ቅሉን በእጇ ያዘች፤ ገደሉ ጋ ስትደርስ የምትወጣበት እጅ አጣች፤ ውሃውን ጥላው እንዳትሄድ ሳሳች፣ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። ዔሊ ግን ቅሉን ጀርባዋ ላይ በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ቀስ እያለች ከሁሉም ኋላ ደረሰች። ከውሃው ጠብታ አልጎደለም።

«ጋሽዬ፣ የዔሊ እጅ አጭር አይደለም እንዴ? መቀነቱን ማን አሰረላት?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«ጦጣ ናታ! ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ እጇ ሥራ ፈቶ የለ?»

ሳቃችን ሲበርድ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና፣ «ውሃ የሚከብደው ሲወዛወዝ ነው፤ ጀርባችሁ ላይ ከተጣበቀ አብሯችሁ ይራመዳል፣ እጃችሁም ለመንገዱ ይተርፋል» ይሉን ነበር። ያኔ እኛ ይህን የምንሰማው በግማሽ ጆሯችን ነው፤ የምንፈልገው አህያው እንደገና እንዲዞር ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ታመመች። ከክረምቱ መጨረሻ ጀምሮ አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ትወስዳለች፣ ግን እህል አልረጋላት አለ፤ ፊቷ በየቀኑ የሚያንስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «የእንጦጦ ማርያምን ጸበል አንዴ በቀመስኩት» አለች። ለእኔ ብላ አልነበረም። በየዓመቱ በእግሯ እንጦጦ ትወጣ የነበረች ሴት ናትና ለራሷ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ሰማሁ፤ ሰምቼም አልተኛሁም።

እሑድ ጠዋት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ጋር ተነሳን። እሳቸው የሚሄዱት የሚያማቸውን ጉልበት ሊጠመቁ ነበር፤ ጠርሙስ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። እህል ውሃ ሳንቀምስ ተክለ ሃይማኖትን ተሳልመን፣ በመርካቶ አድርገን፣ ሽሮ ሜዳን አልፈን፣ በባሕር ዛፉ መሃል ዳገቱን ወጣን። ጠርሙሴ በአመድ የታጠበ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ የአረቄ ጠርሙስ ነበር። ባዶ ስለነበረ እያወዛወዝኩት ወጣሁ። ተጠመቅን፣ ጠርሙሱን አስሞላሁ፣ ቁልቁለቱን ጀመርን።

ጀርባዬ ላይ ማሰር እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ጋሽ ደምሴን ረስቼ አይደለም። ነገር ግን እናቴ ያስተማረችኝ ሌላ ነገርም ነበር፦ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፊታችንን ወደ መቅደሱ እንዳደረግን ወደ ኋላ እየተራመድን እንወጣለን እንጂ ጀርባችንን አንሰጥም። ጸበል ደግሞ ቅዱስ ነው። ቅዱስ ነገርን እንዴት ጀርባዬን እሰጠዋለሁ ብዬ ጠርሙሱን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌ ወረድኩ። የምረግጥበት አይታየኝም፣ የምደገፍበት እጅ የለኝም። የማገዶ እንጨት ጀርባቸው ላይ ያሰሩ ሴቶች እየቀደሙን ሲወርዱ አንዷ፣ «ምነው እህቴ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው?» ብላ ቀልዳብኝ አለፈች።

ብዙም አልራቀች። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ረግጬ ተንሸራተትኩ፤ ጠርሙሱ እንዳይሰበር ብዬ በክርኔ ወደቅሁ። አልተሰበረም። ቆረቆንዳው ግን ወልቆ ተንከባለለና ጸበሉ ቅጠሉ መሃል ሰርጎ ጠፋ። ጠርሙሱን ቀና ሳደርገው የቀረው ጉንጭ የማይሞላ ነበር።

ክርኔ ይደማል፣ እኔ ግን የማለቅሰው ለእሱ አልነበረም። እናቴ ብትሞት በእኔ ምክንያት የምትሞት መሰለኝ። ታች ሽሮ ሜዳ የቦኖ ቧንቧ ውሃ እንዳለ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ሞልቼ ብወስድላትስ ማን ያውቃል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ዛሬም ስጽፈው አፍራለሁ።

እትዬ አስካለ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ክርኔን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ለምን እንዲያ አቅፈሽው ትወርጃለሽ?»

«ጸበል ነዋ፣ እትዬ! ጀርባዬን ልስጠው እንዴ?»

ትክ ብለው አዩኝ። ሊስቁ ፈልገው ተዉት።

«እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ በረሃ እንዴት አድርጋ ይዛው ሄደች?»

«አዝላ።»

«እና ጀርባዋን ሰጠችው?»

ነጠላቸውን አውልቀው እጄ ላይ አደረጉልኝ። «በይ፣ የኔ ጉልበት ሁለተኛ አይወጣም። እዚሁ ዛፍ ሥር እጠብቅሻለሁ፤ ሮጥ በይ።»

ቆረቆንዳውን ፈልጌ አነሳሁና ብቻዬን ወጣሁ። ጸበሉን የሚቀዱት አባት ገና ሲያዩኝ፣ «አሁን ሞልተሽ አልወረድሽም እንዴ?» አሉኝ።

«ደፋሁት፣ አባቴ።»

«እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ብለው ሞሉልኝና ቆረቆንዳውን ራሳቸው ጠበቅ አደረጉት። ከጸበልተኞቹ አንዷ ጠርሙሱን ጀርባዬ ላይ አቁማ፣ በነጠላው እንደ ሕፃን ጠፍንጋ አሰረችልኝ። ስወርድ በቀኝም በግራም ዛፍ እየያዝኩ ወረድኩ። እትዬ አስካለ ጋ ስደርስ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ እስከ ልደታ ድረስም በእኔ ተደግፈው መጡ። «ትንሽ ቀስ በይ፣ ልጅሽ ይነቃብሻል» እያሉ መንገዱን ሙሉ ሲቀልዱብኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ነጠላውን ፈትቼ ጠርሙሱን ለእናቴ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ጉንጯ ላይ አስጠጋችው።

«ሞቋል» አለች።

«ጀርባዬ ላይ ስለነበረ ነው፣ እማዬ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ መደፋቱንም፣ የቦኖውንም ሐሳብ። አማትባ ሦስት ጊዜ ተጎነጨችና ክርኔን ሳብ አድርጋ አየችው።

«ከቦኖ ሞልተሽ ብታመጪልኝም እጠጣው ነበር፣ የኔ እናት» አለችኝ። «እንቅልፍ የምታጪው አንቺ ነበርሽ።»

እናቴ እንደ ተረት በማግስቱ አልተነሳችም። በመድኃኒቱም በጸበሉም፣ ከሁሉም በላይ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ ቀስ በቀስ እህል እየረጋላት ሄዶ ለገና በእግሯ ልደታ ማርያም ደረሰች፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ኖረችልኝ።

ከዚያን ጊዜ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ የአንዳንዶቹ መጨረሻ ብቻ፣ የአንዳንዶቹም መጀመሪያ ብቻ ቀርቶኛል። ጀርባዬ ግን የረሳው ነገር የለም። የመጀመሪያ ልጄን ያዘልኩ ቀን አማቴ አስተዛዘሌን ሊያስተካክሉልኝ መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩና የሚስተካከል ነገር አጡ። «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ ገርሟቸው። ልጄ በጀርባዬ ሙቀት ተኝታለች፤ እኔ በሁለት እጄ የታጠበ ልብስ እያሰጣሁ፣ «ዔሊ» አልኳቸው።