መብራት እንዲጠፋ የተመኘሁበት ሳምንት

ቡሬ የኮምፒውተር መምህር በነበርኩባቸው ዓመታት የትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት ኮምፒውተር የሚሠራው እንደ ሌሎቹ በዊንዶውስ ሳይሆን በሊነክስ ነበር። የተማሪዎቹ ውጤት ያለው ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩን ከአንድ ፎልደር ጋር በኪቦርድ በሚጻፍ ትእዛዝ ያገናኘሁት እኔ ነኝ። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ግን ግንኙነቱ ይቋረጥና ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይከፈታል። ያኔ በእናቴ ዕድሜ ያሉት የመዝገብ ቤት ኃላፊ የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጥተው፣ “መምህር፣ ውጤቱ ደግሞ ጠፋ” ይሉኛል። ሄጄ ትእዛዙን ስጽፍ ይመለሳል።

አንድ ጊዜ ማንኩሳ የወንድሜ ሠርግ ላይ ሳለሁ ደወሉልኝ። ከበሮው እየተደለቀ ትእዛዙን ፊደል በፊደል ላስጽፋቸው ሞከርኩ፤ አልሆነም። ስመለስ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር የሚያነበው ፋይል እንዳለ አገኘሁና ዲስኩን የሚያገናኝ አንድ መስመር እዚያ ጻፍኩ። አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ውጤቱ በቦታው ነበር።

“አንተን አይቶ ነው የታዘዘው” አሉኝ ኃላፊዋ። “አንተ በሌለህበት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አምናለሁ።”

በየቀኑ የሚጠፋው መብራት ሳምንቱን ሙሉ አልጠፋም። እንዲጠፋ የተመኘሁት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠፍቶ መጣ። እያስተማርኩ በሩን በሩን ባይም ማንም አልመጣም። በእረፍት ሰዓት ሮጬ ስሄድ ኃላፊዋ ለአንድ ተማሪ ትራንስክሪፕት እያተሙ ነበር።

“መብራት ጠፍቶ አልነበረም እንዴ?” አልኳቸው።

“ጠፍቶ ነበር” አሉ ቀና ሳይሉ። “ምነው፣ ፈለግከኝ?”

ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቅርም አለኝ።